የእትዬ ኩልሱም ሶፋ

ያ ሶፋ ቤታችን የቆየው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት በሁለት ሸካሚዎች ጭንቅላት ላይ ሆኖ መጣ፣ ከሰዓት በመጣበት ተመለሰ። ወይን ጠጅ ከፋይ ነው፤ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። ባለቤቱ እትዬ ኩልሱም ናቸው፤ ካምዎክያ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የጅማ ሴት፣ ከዱባይ በኮንቴይነር አስመጣሁት እያሉ የሚምሉበት። ቀኝ ክንዱ ላይ ካውያ የበላው ባለ ሦስት ማዕዘን ጠባሳ ነበረው። እንግዳ እንዳያየው ዳንቴል ጣል ይደረግበታል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚህ አገር ሰው ሙዚጎ በሚለው ዓይነት ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ሽንት ቤቱ ለአስራ አንድ ቤት የጋራ። ሶፋው በበሩ አልገባ ሲል አባቴ ሉቅማን በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። እኔ ከሸካሚዎቹ ፊት ፊት እየሄድኩ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እላለሁ። ሙሽራ የማስገባ ነበር የመሰለኝ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ በወንድሜ በኡዋይስ ምክንያት ነው። ኡዋይስ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሲወለድ አየር አጥሮት ስለቆየ እጁም፣ እግሩም፣ አንገቱም አይታዘዙትም፤ መናገርም አይችልም። መሳቅ ግን ይችላል፤ ያውም ሰው ሲወድቅ ካየ ማን ያስቆመዋል። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ይኖር የነበረው ንቲንዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እኛ «ሆም» የምንለው ግቢ ነው። ከውጭ አገር እርዳታ የሚያገኝ ድርጅት ነበር የሚያስተዳድረው፤ እንደሱ ያሉ ሰላሳ ሁለት ልጆች እዚያው እያደሩ ይታከማሉ፣ ይማራሉ። በልኩ የተሠራ የእንጨት ወንበር ነበረው፤ ደረቱን የሚይዝ ቀበቶ፣ አንገቱን ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰሌዳ ያለው። እጀታው የታጠፈ፣ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ የተጠቀለለ ማንኪያም ሠርተውለት ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ፣ በዚያ ማንኪያ፣ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄውን ብቻውን ይበላል።

አንድ ሳህን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ግማሹም ደረቱ ላይ ይቀራል። ላጉርስህ ያለው ሰው ካለ ግን አፉን ግጥም ያደርጋል። እሑድ እሑድ ልንጠይቀው ስንሄድ እናቴ ሱልጣና ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ያን አንድ ሰዓት እስከ መጨረሻው ታየዋለች። አባዬ ታክሲ ያመልጠናል፣ እንሂድ ሲላት ዞር ሳትል «አልጨረሰም» ትለዋለች። እኔ ዥዋዥዌ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ዥዋዥዌ ያለበት ቤት በመኖሩ ኡዋይስ ላይ ቅናት ይይዘኝ ነበር፤ እውነቱ ይነገር።

አንድ ጠዋት አባዬ ጫማ ሊሸጥ ወደ ናኪቩቦ ገበያ ከመውረዱ በፊት፣ እናቴ የሳምቡሳ ሊጥ እየዳመጠች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«ሆሙ ሊዘጋ ነው አሉ» አለ አባዬ። «ልጆቹን ወደየቤታቸው ይመልሳሉ።»

«ሁሉንም? እኔ ሳምቡሳ ላዞር ስወጣ ማን ሊይዘው?»

«አስር ልጅ ወደ ሌላ ማዕከል ያልፋል ብለዋል። ቤት ለቤት እየዞሩ አይተው ነው የሚመርጡት።»

«እንግዲያስ ይምጡ፣ ይዩን!»

«ምናችንን ይዩ? መሬት የተነጠፈ ፍራሻችንን?» አባዬ እንደ መሳቅ አለ። «ተክሌ ያለውን አልሰማሽም? ቤቱ ለልጅ አይሆንም ብለው አንዴ ከጻፉ ወረቀቱ የስደተኛ ፋይላችን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሌላዋንም ልጅ ይወስዳሉ።»

ሌላዋ ልጅ እኔ ነኝ። ተክሌ እንደኛው ስደተኛ፣ ሀይማኖት የምትባል ሴት ባል፣ የኤዶም አባት ነው፤ ኤዶምም ሆም ነበረች። ተክሌ ይህን ወሬ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስደተኛ ሰፈር ውስጥ ወሬ አባት የለውም፣ ሁሉም ግን ያሳድገዋል።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት ይህን ነበር፦ ሰዎች ቤት ሊያዩ ይመጣሉ፣ ይመርጣሉ፣ ቤቱ ያላማረ ልጁን ያጣል። ስለዚህ ማማር አለብን። ኡዋይስን ለሌላ እንዳይሰጡብን፣ እኔንም እንዳይወስዱኝ። ከእናቴ ጋር አንድ ሐሳብ ያለን መስሎኝ ነበር። የእናቴ ሐሳብ የእኔ ተቃራኒ እንደነበር፣ ልጇን ከእሷ የተሻለ የሚይዝላት ቦታ እንዳይቀርበት ስትል እንዳለች መታየት ትፈልግ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልጅን ከራስ አርቆ ለማኖር መለመን እንዴት ያለ ፍቅር እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ሰው ማን ያስረዳዋል?

በመጨረሻ ግን እሷም ተሸነፈች። የደሴ ልጅ ናት፤ ገበናን ለባዕድ አውጥቶ ማሳየት ከረሃብ ይብሳል ተብላ ነው ያደገችው። አንዴ ከተሸነፈች በኋላ ደግሞ እንደሷ የተጋ የለም። ሶፋውንና ምንጣፉን ከእትዬ ኩልሱም፣ ቴሌቪዥኑን ከጎረቤት፣ ስኒዎቹን ከመስጊዱ አጠገብ ካለች ሴት ተዋሰች። ባዶው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች መጋረጃ ሰቀለች። አባዬ ጎንበስ ብሎ «ከጀርባው የኡዋይስ ክፍል አለ ትያለሽ» አለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው የጎረቤት ግድግዳ ነው።

ሚስ ናሙቢሩ ሐሙስ ዕለት አራት ሰዓት ላይ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ መጣች። የሆሙ ሶሻል ወርከር ናት፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሄልሜቷን እንደ ድስት በክንዷ ያቀፈች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። እናቴ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ መአቱ ወረደባት። ሳምቡሳ፣ ዶሮ፣ ሩዝ በሥጋ፣ ሻይ። ሴትዮዋ «በቃኝ» ባለች ቁጥር እናቴ ሳህኗን ትሞላለች። እኛ የዚያን ሳምንት ምን እንደበላን አልናገርም።

ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የስደተኛ ልጅ ገና ጥርሱ ሳይወልቅ ተርጓሚ ይሆናል፤ ሐኪም ቤትም፣ ፖሊስ ጣቢያም፣ አከራይም ፊት። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛዬ እኮራ ነበር።

ሚስ ናሙቢሩ ስታዳምጥ እጇን የሶፋው ክንድ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ዳንቴሉን ገፋ አደረገችው። የካውያውን ጠባሳ አየች፣ ዳር ዳሩን በጣቷ ዞረችው፣ ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ ፈገግ አለች። ወደደችው አልኩ በልቤ። አሸነፍን አልኩ።

«ኡዋይስ የሚተኛው የት ነው?» አለች።

«እዚያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ። የራሱ ክፍል አለው።»

መጋረጃውን አየችው። ተነስታ አልገለጠችውም። ጨዋ ናት አልኩ።

ይህን ጊዜ አባዬ ለእንግዳዋ ሶዳ ሊያመጣ ብድግ ብሎ ወጣ። እሱ ከበር እንደራቀ እናቴ መሬት ላይ፣ የሴትዮዋ እግር አጠገብ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተስኒም፣ በያት» አለችኝ። «ቀን ቀን ሳምቡሳ አዞራለሁ፣ ቤት አልውልም በያት። አስራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከብዶኛል፣ ብቻዬን አንስቼ ሽንት ቤት ማድረስ አልችልም። ከአስሩ አንዱ ያድርጉልኝ። በአላህ በያት።» እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል።

ደነገጥኩ። ይህን ያህል ለፍተን፣ በር ነቅለን፣ አሁን በመጨረሻዋ ደቂቃ ልታበላሸው ነው! ወደ ሚስ ናሙቢሩ ዞርኩና ባለኝ እንግሊዝኛ ሁሉ እንዲህ አልኩ፦ «እናቴ በጣም ደስ ብሎኛል ትላለች። የምታለቅሰው ከደስታ ነው። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል።»

ሚስ ናሙቢሩ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አባዬ ሶዳውን ይዞ ተመለሰ። እናቴ የልቤን ነገርኳት ብላ አምና፣ እፎይ ብላ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ኡዋይስ ከአስሩ አንዱ አይደለም ተባልን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆም ውስጥ ድግስ ተደገሰ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቢጫ ቲሸርት ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ ከቤተሰብ የሚበልጥ ቤት የለም የሚል ተጽፎበታል። ሆሙ ተዘጋ አይባልም፤ ልጆቹ ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ ነው የሚባለው። አልሸሹም፣ ዞር አሉ። ንግግር ተደረገ፣ ከውጭ የመጡት ሰዎች አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሳን። የበር ያህል የሚሆን ኬክ ተቆረሰ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እኔ ክሬሙን ከጣቴ ላይ እየላስኩ ነበር። ሀይማኖት ኤዶምን አቅፋ ከዛፉ ስር ስታለቅስ አይቻታለሁ። እሷም ከደስታ ነው አልኩ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋና ስሙ የተጻፈበት ሰርተፊኬት ተሰጠ። ለምኑ እንደሆነ አላህ ይወቀው፤ ምን ተምሮ ጨርሶ? ከዚያ አንድ ሰውዬ መጥቶ የኡዋይስን ቀበቶ ፈታ፣ ከወንበሩ አንስቶ አባዬ እቅፍ ውስጥ አደረገው። ወንበሩ ቁጥር ተለጥፎበት ከሌሎቹ ወንበሮች ጋር ግድግዳው ስር ተደረደረ። የድርጅቱ ንብረት ነው ተባለ። ኡዋይስ ማንኪያውን ጨብጦ አልለቅም ስላለ እሱን ተዉለት።

ወንበሩ በሚቀጥለው መኪና ይመጣል ብዬ ነበር የማስበው። ለስንት ቀን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

ከቤተሰብ ጋር መኖር ክፉ ነው ያለ ሰው የለም። እኔም አልልም። ግን እነሱ ቤተሰብ ብለው የጻፉት እናቴን ነው፣ እናቴ ደግሞ አንድ ሴት ናት። ጠዋት ኡዋይስን ፍራሹ ላይ አስተኝታ፣ ከውጭ ቆልፋ፣ ሳምቡሳዋን ይዛ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ እኔ ከትምህርት ቤት እየቀረሁ እጠብቀዋለሁ፤ ትምህርቴ ከዚያ ወዲህ ወንፊት ሆነ። ወንበር ስለሌለ ቀና ማለት አልቻለም። ቀና ካላለ ማንኪያው አፉ ጋ አይደርስም። በአራተኛው ወር ማንኪያውን መያዝ ተወ። መጀመሪያ ስናጎርሰው አፉን ይዘጋብን ነበር፤ ከዚያ እሱንም ተወ። እናቴ «አደገ፣ ጨዋ ሆነ» አለች። ያን ሰሞን እኔም አመንኳት።

ኤዶም በመጀመሪያው ዝናብ ሞተች። ሳል ነው ተባለ። ተኝታ ስትበላ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ይገባ እንደነበር ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ማንም መጥቶ አልጠየቀም። እኔ ግን ጥፋተኛውን አውቀው ነበር፤ አስር ቦታ ነበረ፣ እናቴ አንዱን ለመነች፣ እኔ ዋጥኩት። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ኡዋይስን ባገላበጥኩ ቁጥር ይህን ነው የማስበው። ለማንም አልተናገርኩም። አባዬም ሳያውቅ ሞተ።

ዛሬ የሆሙ ግቢ የመኪና ማጠቢያ ሆኗል። ከዚያ ከፍ ብሎ ባለ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። ባለፈው ወር ስልኬ ጮኸ፤ ሚስ ናሙቢሩ ናት። ድርጅቱ እንደገና ቀጥሯታል። ወደ ቤተሰባቸው ስለተመለሱት ልጆች መጽሔት እያዘጋጁ ነው፣ የኡዋይስን ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ፤ ጥሩ ታሪክ ነው አለችኝ። እሺ አልኳት። የምነግራት ነገር ነበረኝ።

ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ያለችው ምንድን ነው? «እትዬ ኩልሱምን ጠይቂልኝ፣ ሶፋው አሁንም አለ።»

«ሶፋ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም!» ብዬ ጮኽኩባት። እናቴ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነበር። አፏን በእጇ ያዘች። ቢሆንም በቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስታ ዶሮና ሩዝ ሠራች፤ ያንን ማን ይከለክላታል።

ሚስ ናሙቢሩ በድርጅቱ መኪና መጣች። ሾፌሩና ፎቶ አንሺው መኪናው ውስጥ ቀሩ። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። የምትቀመጥበት ፈልጋ ዓይኗን አዞረች።

«ዛሬ ሶፋ የለም» አልኳት። «ፍራሹ ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች፣ ኡዋይስ እግር ስር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቶቹ ታጥፈው ደረቱ ላይ ቀርተዋል፣ አይዘረጉም። እሷን አይቶ ሳቀ፤ እሱ ማንንም አይቀየምም። ፈገግ ልትልለት ሞከረችና አልሆነላትም።

የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። «ያን ቀን እናቴ ያለችሽን አልተረጎምኩልሽም። አልችልም፣ ከአስሩ አንዱ አድርጉልኝ ብላ ለምናሽ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሚስ ናሙቢሩ መነጽሯን አወለቀች።

«ተስኒም፣ እናትሽ እግሬ ስር ቁጭ ብላ እያለቀሰች እኮ ነበር። ለዚያ ተርጓሚ ያስፈልጋል?» አለች። «ሶፋውንም አውቄው ነበር። ማክሰኞ እነኤዶም ቤት ተቀምጬበታለሁ። ረቡዕ ደግሞ ሌላ ቤት። እናንተ ሦስተኛ ነበራችሁ። በካውያው ጠባሳ ነው የለየሁት።»

«እያወቅሽ? ታዲያ ለምን የሚችል ቤተሰብ ነው ብለሽ ጻፍሽ? ከአስሩ ቦታ አንዱን...»

«አስር ቦታ አልነበረም።» ድምጿ አነሰ። «አንድም አልነበረም። ወላጆቹ እንዳይጮኹ ነው እንደዚያ የተባለው። የምንጽፈው መልስ ከመውጣታችን በፊት ተነግሮን ነበር። ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለት ወር ነበር፣ ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ! የእኛን ዶሮ በልታ፣ በእትዬ ኩልሱም ሶፋ ላይ ተደላድላ፣ ጠባሳውን እያሻሸች የሳቀችው ለእኔ ነበር። እኔ በውሸቴ ድፍን ልጅነቴን ስገረፍ የኖርኩት እነሱ ቀድመው ለጨረሱት ውሸት ነው። ልሰድባት አፌን ከፈትኩ፤ በሦስት ቋንቋ የሚሆን ስድብ አላጣም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከአስራ ስድስት ዓመት በኋላ ጮኼ ማንን ላስጥል? እንባ ቀደመኝ።

«ምን አለችሽ?» አለች እናቴ።

ይህን ጊዜ አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ስለ ሶፋው፣ ስለ አስሩ ቦታ። ከሁሉም በፊት ግን እኔ የዋጥኩትን፣ ከደስታ ነው የምታለቅሰው ማለቴን ነገርኳት። እናቴ እያየችኝ ሰማች። እጇን ዘርግታ ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችልኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያለሁ ይመስል።

ከዚያ ተነሳች። የእንግዳውን ምግብ ከደበቀችበት አወጣችው፤ ሩዙ እየተነነ ነው። ሚስ ናሙቢሩ ልማዱን ታውቀዋለችና ለመታጠብ እጇን ዘረጋች። እናቴ በዕድሜዋ ቤቷ የገባ እንግዳ «ብሉ» ሳትለው ቀርታ አታውቅም። ሳህኑን በሴትዮዋ ፊት አሳልፋ ኡዋይስ አጠገብ አስቀመጠችው። ከትራሱ ስር ያን የታጠፈ ማንኪያ አወጣች፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። በሴትዮዋ የተዘረጋ እጅ ላይ አኖረችው።

«አንቺ አብዪው» አለቻት በአማርኛ። ልተረጉም ስል በእጇ ከለከለችኝ።

ሚስ ናሙቢሩ ማንኪያውን ይዛ ወደ ኡዋይስ ተጠጋች። ከዚያ ጀመረች። የመጀመሪያው አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ሲያስለው ደንግጣ ወደ እኛ ዞረች። እናቴ አልተነቃነቀችም፤ እኔም ራሱን እንዴት ቀና እንደሚያደርጉለት አሳየኋት እንጂ አልተቀበልኳትም። ክንዷን ከአንገቱ ስር አስገባች። ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ ሳህኑ ገና ሩቡ አልጎደለም። ሸሚዟ በላብና በሩዝ ተበላሽቷል።

ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ብቅ አለ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሌላ የሚሄዱበት ቤት እንዳለ ተናገረ። ሚስ ናሙቢሩ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ልታስቀምጥ ቀና ስትል እናቴ ሄዳ በሩን ሰውዬው ላይ ዘጋችውና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«ተስኒም» አለች፣ «ንገሪያት። አልጨረሰም።»